ዋስ የሌለው እቁብ፦ የኪስማዮ ጉዳይ

እቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ሳይቆጥር ዋስ ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ የሚወስደው ማንንም አያሰጋም፤ ከፍሎ ከፍሎ የራሱን ነው የሚያነሳው። የሚያሰጋው ቀድሞ የሚበላው ነው። በልቶ ቢቀርስ?

በ2008 ኦገስት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ደቡብ ሶማሊያ ውስጥ ሦስት የታጠቁ ቡድኖች አንድ ከተማ በጋራ ያዙ። ከተማዋን በየስድስት ወሩ ተራ በተራ እንምራት ብለው ተስማሙ። ሦስቱም በሸሪዓ እናስተዳድራለን የሚሉ፣ ሦስቱም የአንድ ጦርነት ልጆች፣ ሦስቱም በአንድ ጠላት ላይ የተነሱ ነበሩ። እቁብ ጣሉ በሉት። ዳኛ አልነበረውም፤ ዋስም አልነበረውም። የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደው አል ሸባብ ነበር።

ከተማዋ ኪስማዮ ናት። ከሞቃዲሾ ወደ ደቡብ ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጁባ ወንዝ ሕንድ ውቅያኖስ ከሚገባበት አጠገብ። ሰው ስለ ሶማሊያ ጦርነት ሲያወራ ሞቃዲሾን ያነሳል። እኔ ግን የእስላማዊ አማፂያን ኅብረት እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚፈርስ ለሚጠይቀኝ ሰው ኪስማዮን ነው የማሳየው።

መጀመሪያ ግን እነማን እንደነበሩ። ያኔ አዲስ አበባ ሬዲዮ ለሚከታተል ሰው ስሞቹ ይምታቱ ነበር። ዛሬ የሰማኸው ቡድን በሳምንቱ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል።

ሁሉም የተነሱት ከአንድ ቤት ነው፤ ከእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት። ኅብረቱ በ2006 ጁን ሞቃዲሾን፣ በሴፕቴምበር ኪስማዮን ያዘ። በዲሴምበር መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦርና የሽግግር መንግሥቱ ኃይል ከሞቃዲሾ አስወጡት። ኪስማዮም በ2007 ጃንዋሪ 1 ተለቀቀች። ቤቱ ሲፈርስ ልጆቹ ተበተኑ። መሪዎቹ ሸኽ ሸሪፍ ሸኽ አህመድና ሸኽ ሐሰን ዳሂር አዌስ አሥመራ ተገናኙና በ2007 ሴፕቴምበር የሶማሊያ ዳግም ነፃ አውጪ ኅብረት የሚባል አቋቋሙ። አገር ቤት የቀሩት ወጣቶች፣ ማለትም አል ሸባብ፣ አሥመራ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ትእዛዝ አንቀበልም ብለው የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ስማቸው ራሱ «ወጣቶቹ» ማለት ነው። በ2008 ከሽግግር መንግሥቱ ጋር የጅቡቲው ድርድር ሲመጣ ሸኽ ሸሪፍ ፈረሙ፤ አዌስ እምቢ አሉ። የአሥመራው ኅብረትም ለሁለት ተሰነጠቀ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኪስማዮ ተያዘች። ከተማዋን ይዘው የነበሩት የመሬሐን ጎሳው ባሬ ሂራሌ ነበሩ። ሦስት ቀን ገደማ የፈጀ ውጊያ ተደረገ፤ ባሬ ሂራሌ ወጡ። አጥቂዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አል ሸባብ። ሁለተኛው የራስ ካምቦኒ ብርጌድ፤ ስሙን ያገኘው ከኬንያ ድንበር ጥግ ካለችው የባሕር ዳርቻ ቦታ ነው። ሽማግሌው መሪ ሸኽ ሐሰን ቱርኪ፣ በኋላ የጦር ሰውየው የሚሆኑት ደግሞ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ እስር ላይ የነበሩት አህመድ ማዶቤ፤ ሁለቱም የኦጋዴን ጎሳ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው አኖሌ የሚባለው፣ ድጋፉ በብዛት ከሐርቲ ጎሳ የሚመጣ ቡድን።

ልብ በሉ፤ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የጎሳ መሠረቱን በአንድ ቃል መናገር የማይቻለው አል ሸባብ ብቻ ነው። መሪው አህመድ አብዲ ጎዳኔ ከሰሜን፣ ከሐርጌሳ አካባቢ የመጣ የኢሳቅ ጎሳ ሰው ነው። በጁባ ሸለቆ ዘመድ የለውም፤ የሚያስጠጋው ሽማግሌ፣ ግጦሽ የሚያካፍለው ወገን የለውም። ብዙዎች ይህን እንደ ድክመት ቆጠሩት። እኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማዶቤ ኪስማዮን ቢያጣ የሚመለስበት አገር አለው። ጎዳኔ ግን ድርጅቱን ካጣ ምንም የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ተራ አያስረክብም።

አሁን ወደቡን እንየው፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነውና።

በጁባ ሸለቆ ገጠር ግራር ይቆረጣል፤ አፈር ለብሶ ቀናት እየጨሰ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ በጭነት መኪና ላይ እስኪያጋድል ተቆልሎ ኪስማዮ ይገባል። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ይከፈላል። ወደብ መግቢያው ላይ ይከፈላል። መርከብ ላይ ሲጫን እንደገና ይከፈላል። መርከቦቹ ብዙዎቹ ጀልባ ቢጤ የእንጨት መርከቦች ናቸው። ጭነቱ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄድና ሥጋ ይጠበስበታል፣ ሺሻ ይጨስበታል። መርከቡ ሲመለስ ባዶውን አይመጣም፤ ስኳር ይጭናል። ስኳሩ በመኪና ወደ ድንበር ከተማዋ ዶብሌይ፣ ከዚያ በኮንትሮባንድ ኬንያ ይገባል። እሱም ይከፈልበታል። የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪ ቡድን በ2011 ባወጣው ግምት አል ሸባብ ከኪስማዮና ከሁለት ትናንሽ ወደቦች በዓመት ከ35 እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስብ ነበር። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊዮኑ የከሰልና የስኳሩ ንግድ ነው።

ስድስት ወር እንዲህ ያለ ገንዘብ እየሰበሰብክ፣ ታጣቂ እየቀጠርክ፣ ጥይት እየገዛህ ኖረህ በሰባተኛው ወር ቁልፉን ለጎረቤትህ ስጥ ትባላለህ። ጎረቤትህ ደግሞ በገንዘቡ የሚገዛው ያንኑ ጥይት ነው።

ይህ በዚህ እንዳለ የኢትዮጵያ ጦር በ2009 ጃንዋሪ ከሶማሊያ ወጣ። ባይዶዋን እንደለቀቀ አል ሸባብ ገባባት። በወሩ መጨረሻ ላይ ሸኽ ሸሪፍ ጅቡቲ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉንም አማፂ አንድ ያደረገው የውጭ ጦር በአንድ ወር ውስጥ የለም። የቀድሞው የፍርድ ቤቶቹ መሪ ደግሞ ራሳቸው መንግሥት ሆኑ። ታዲያ ጠላት ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ የመጣው ሒዝቡል ኢስላም ነው። አራት ቡድኖች ተሰበሰቡ፦ በአዌስ ሥር የቀረው የአሥመራ ክንፍ፣ ጀብሐቱል ኢስላሚያ የሚባል ቡድን፣ ራስ ካምቦኒ እና አኖሌ። አዲሱ ጠላት የሸሪፍ መንግሥትና እሱን የሚጠብቀው የአፍሪካ ኅብረት ጦር፣ አሚሶም፣ ሆነ። አዌስ ከኤርትራ ተነስተው በኤፕሪል መጨረሻ ሞቃዲሾ ገቡና መሪነቱን ያዙ።

አዌስን በአንድ አንቀጽ ማለፍ ይከብዳል። በ1977ቱ ጦርነት ኢትዮጵያን የወጉ የሲያድ ባሬ መኮንን፣ በኋላ አል ኢቲሐድ የሚባለው የቀደመ እስላማዊ ታጣቂ ቡድን የጦር አዛዥ፣ ቀጥሎ የፍርድ ቤቶቹ ቁንጮ ነበሩ። ቀይ ቀለም በተቀባች ጺማቸው ይታወቃሉ። በሞቃዲሾ የሐበር ጊድር ጎሳ ሰው እንደመሆናቸው ክብር ነበራቸው። ያልነበራቸው አንድ ወጥ ጦር ነው። ሒዝቡል ኢስላም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አራት ኪስ፣ አራት ጎሳ፣ አራት ግንባር ነበረው። አንዱ ኪስ ሲቀደድ ሌላው አይሰማውም። የዚህ ዋጋ ወዲያው ነው የታየው።

በ2009 ሜይ መጀመሪያ ሒዝቡል ኢስላምና አል ሸባብ ጎን ለጎን ሆነው ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ ጥቃት ከፈቱ። መንግሥቱ ጥቂት ሰፈሮች ላይ ተወሰነ። የአሚሶም ታንክ ባይኖር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ያልቅለት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው ወር ግን ከሒዝቡል ኢስላም አዛዦች አንዱ፣ ቅጽል ስማቸው ኢንዳ አዴ (ነጭ ዓይኑ) የሚባሉት፣ ወደ መንግሥት ዞሩ። ግንባሩ የተበሳው ገና ሲጀመር ነው።

ወደ ኪስማዮ እንመለስ። ስድስት ወሩ አለፈ። ሌላ ስድስት ወር ሊደፍን ደረሰ። ራስ ካምቦኒ ተራችን ነው አለ። አል ሸባብ አላስረከበም። በሴፕቴምበር 2009 ጭራሽ ሌሎቹን ያላካተተ የራሱን ምክር ቤት ለከተማዋ ሾመ። ማዶቤም በበኩላቸው ሌላ አስተዳደር አቆሙ። አንዲት ከተማ ሁለት አስተዳደር፣ ሁለቱም በሸሪዓ እንመራለን የሚሉ። ነዋሪው ግብሩን ለማን እንደሚከፍል አስቡት።

ኦክቶበር 1 ቀን ተኩስ ተከፈተ። በሰዓታት ውስጥ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ በአል ሸባብ እጅ ገባች። የማዶቤ ሰዎች ወደ ምዕራብ፣ ወደ አፍማዶውና ወደ ዶብሌይ አቅጣጫ ሸሹ።

የሚገርመው ይህ አይደለም። ቀድሞ የበላ ሲክድ አይተናል። የሚገርመው ያን ሳምንት 500 ኪሎ ሜትር ወዲያ ማዶ የሆነው ነው። ሞቃዲሾ ውስጥ የሒዝቡል ኢስላምና የአል ሸባብ ታጣቂዎች በአንድ ግንባር፣ በአንድ ምሽግ ሆነው በመንግሥትና በአሚሶም ላይ መተኮሳቸውን ቀጠሉ። ኪስማዮ ላይ ይገዳደላሉ፤ ሞቃዲሾ ላይ ጥይት ይዋዋሳሉ። ሁለቱም ወገን የኪስማዮው ነገር የአካባቢ ጉዳይ ነው እያለ ሸፋፈነው።

አዌስ ለምን ዝም አሉ? ፈርተው ነው የሚል አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ቆጥረው ነው። ከአል ሸባብ ጋር ሞቃዲሾ ላይ ቢጣሉ የእሳቸው ሰዎች በአሚሶምና በአል ሸባብ መካከል ይቀረቀራሉ። ለማን ሲሉ? ለኦጋዴን ወደብ። ከኪስማዮ ገቢ ለሞቃዲሾ ታጣቂዎቻቸው የሚደርስ ነገር ከሌለ የሐበር ጊድር ልጅ ጁባ ወርዶ የሚሞትበት ምክንያት አይታየውም። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ችግሩ የአንድ ወር ሒሳብ መሆኑ ነው። ጎዳኔ የሚያሰላው ከዚያ አልፎ ነበር።

ምክንያቱም አል ሸባብ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አልገጠመም። አንዱን ኪስ ይዞ ሌሎቹን ዝም ማሰኘት ነው ዘዴው። ኖቬምበር ላይ አፍማዶው፣ በወሩ መጨረሻ ዶብሌይ ተያዙ። ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጦ ሽማግሌ ፈለገ። ሐሰን ቱርኪ ታመው ነበር፤ ዕድሜም ተጭኗቸዋል። በ2010 ፌብሩዋሪ 1 ቀን የቱርኪ ክንፍ ከአል ሸባብ ጋር መዋሐዱ ይፋ ሆነ። መግለጫው ትግሉን ከአል ቃይዳ ዓለም አቀፍ ጂሃድ ጋር እንደሚያያይዝ ይናገራል። የራስ ካምቦኒ ስም፣ ሽማግሌውና ግማሹ ጦር ወደዚህ መጣ። ማዶቤ አይመለከተኝም አሉ። ይኼኔ የኦጋዴን ታጣቂ ወንድም ከወንድሙ ተለየ። አል ሸባብ ተባባሪን አይነጥቅም፤ ይሰነጥቃል። ሲሰነጠቅ የሚቀረው ግማሽ ብቻውን ለመዋጋት ይደክማል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሒዝቡል ኢስላም ሞቃዲሾ ውስጥ በምን ተጠምዶ እንደነበር ላጫውታችሁ። በ2010 ኤፕሪል የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃ እንዲያቆሙ ትእዛዝ አወጣ። ቀነ ገደብ ሰጠ። ጣቢያዎቹ የዜና መግቢያ ሙዚቃቸው ሳይቀር ተወሰደባቸው። ዜና ከዜና የሚለዩት በምን ይሁን? አንዳንዶቹ የተኩስ ድምፅ፣ የመኪና ድምፅ፣ የወፍ ድምፅ ቀድተው አስገቡ። የተኩስ ድምፅ፣ ሞቃዲሾ ውስጥ! መስኮት መክፈት ብቻውን ይበቃቸው ነበር።

ይህን ለቀልድ ብቻ አላነሳሁትም። ኅብረት ውስጥ ያለ ደካማ ወገን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በጦርና በገንዘብ መወዳደር ሲያቅተው በአክራሪነት ይወዳደራል። ከአል ሸባብ ጋር የሚጫረተው በሥርዓት ጥብቅነት ሆነ። ዓለም ዋንጫ ማየትም በዚያው ዓመት ወንጀል ሆኖ ሰው ተገድሎበታል። በዚህ ውድድር ግን ማንም አል ሸባብን አይበልጠውም። ታጣቂው ወጣት ጥብቁን ከፈለገ ለምን ወደ ሁለተኛው ይሄዳል?

ዲሴምበር 2010 የመጨረሻው መጣ። ቦታው ቡርሐካባ ነው፤ ከባይዶዋ ወደ ሞቃዲሾ በሚወስደው መንገድ ላይ። ሁለቱ ተዋጉ፤ ሒዝቡል ኢስላም ተሸነፈ። ቀናት ሳይቆይ አዌስ ድርጅታቸው ከአል ሸባብ ጋር መቀላቀሉን አስታወቁ። ውሕደት ተባለ። ስሙ የአንዱ፣ ባንዲራው የአንዱ፣ መሪው የአንዱ ከሆነ ውሕደቱ ከምን ላይ ነው? በኪስማዮ ዝም ያሉት ሽማግሌ በ14 ወራቸው ተራቸው ደረሰ። ያኔ ከጎናቸው የሚቆም ራስ ካምቦኒ አልነበረም። ማን አስቀርቶላቸው?

አዌስ በአዲሱ ቤት እንግዳ ሆነው ኖሩ። በ2012 ሴፕቴምበር የሒዝቡል ኢስላም ቃል አቀባይ የነበሩት ከአል ሸባብ መለየታቸውን ተናገሩ። አዌስ ግን ወዲያው አልወጡም። በሚቀጥለው ዓመት ጎዳኔ የራሱን ሰዎች ማጥራት ጀመረ። ቅሬታውን በግልጽ ደብዳቤ ለአል ቃይዳው መሪ ጽፎ የነበረው የጥንት ጓዱ ኢብራሂም አል አፍጋኒ በ2013 ጁን ባራዌ ውስጥ ተገደለ። አዌስ በጀልባ ሸሽተው ጎሳቸው ዘንድ አዳዶ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ለንግግር ይሆናል ብለው ወደ ሞቃዲሾ ቢሸኟቸው መንግሥት እዚያው ይዞ አሰራቸው። ሌላው የአል ሸባብ መሥራች ሙክታር ሮቦው ወደ ባኮል፣ ወደ ወገናቸው ሸሹ። በ2017 እጃቸውን ሰጡ፤ በ2018 ለደቡብ ምዕራብ ክልል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ታሰሩ፤ በ2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱም ሲጨንቃቸው የሮጡት ወደ ጎሳ ነው። ጎዳኔ የሚሮጥበት አልነበረውም። በ2014 ሴፕቴምበር 1 በአሜሪካ የአየር ጥቃት እስኪሞት ድረስ ድርጅቱ ውስጥ ነበር።

ማዶቤ ደግሞ ዕጣቸውን አልረሱም። የማዶቤ ታሪክ ለኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በ2006 የፍርድ ቤቶቹ የኪስማዮ ገዢ ነበሩ። በ2007 መጀመሪያ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ቆስለው ተያዙና ኢትዮጵያ ውስጥ ታሰሩ። ተፈትተው የሸሪፍ ፓርላማ አባል ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትተውት ወደ ራስ ካምቦኒ ተመለሱ። ከኪስማዮ ተባርረው ድንበሩ ላይ ሲደርሱ የቀድሞ ጠላቶቻቸውን በአዲስ ዓይን አዩ። ኬንያ ከድንበሯ ላይ አል ሸባብን የሚያርቅላት ትፈልግ ነበር፤ የኬንያ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ዩሱፍ ሐጂ ራሳቸው ኦጋዴን ነበሩ። በ2011 ኤፕሪል ዶብሌይ ተመለሰች። በኦክቶበር የኬንያ ጦር ድንበር ተሻገረ። በ2012 ሴፕቴምበር መጨረሻ ኪስማዮ በባሕርና በየብስ ተጠቃች፤ አል ሸባብ ወጣ። ማዶቤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከተማቸው ገቡ።

በ2013 ሜይ የጁባላንድ ፕሬዚዳንት ተባሉ። ሰንበት ሳይል ከባሬ ሂራሌ ሰዎች ጋር ከተማዋ ውስጥ ተታኮሱ። አዎ፣ በ2008 ከተባረሩት ባሬ ሂራሌ ጋር። ሞቃዲሾም ሹመቱን አላውቅም አለች። ነገሩ የረገበው ኦገስት 28 አዲስ አበባ ላይ በኢጋድ በኩል በተፈረመ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ወደቡና አየር ማረፊያው ከጊዜ በኋላ ለፌዴራል መንግሥቱ ይተላለፋሉ ይላል፤ በስድስት ወር ውስጥ። ስድስት ወር የሚለውን ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ማዶቤ በ2019ም በ2024ም እንደገና ተመርጠው ኪስማዮን ይመራሉ።

የኬንያ ጦርና የማዶቤ ሰዎች በ2012 ወደቡ ጋ ሲደርሱ ያገኙት ነገር አለ። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ የሶማሊያን ከሰል ንግድ አግዶ ስለነበር አራት ሚሊዮን ያህል ማዳበሪያ ከሰል ተቆልሎ ይጠብቃቸው ነበር። ነጋዴዎቹ ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ ንብረታችን ነው፣ ይጫንልን አሉ። ከክምሩ ውስጥ የአል ሸባብ ድርሻ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። እገዳው እንዳለ ሆኖ፣ ከወር ከምናምን በኋላ መርከቦቹ መጫን ጀመሩ።